በአጥር ሥር የተደረደረ በቆሎ መታሰቢያ አይሆንም

የመሐል አዲስ አበባ ሰዎች ሆይ፣ ፊንፊኔ ላይ በ1879 ዓ.ም. ከተማ ሳይቆረቆር በፊት ይህ አስፋልት የተነጠፈበት መሬት ማሳና የከብት መሰማሪያ ነበር። ያንን ለማስታወስ በየግቢያችሁ በቆሎ መዝራታችሁ ደግ ነው። አዘራራችሁ ግን ያሳፍራል።

አጥር ሥር በአንድ መስመር ትደረድሩና ቆረቆንዳው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሲሆን አፈሩን ትረግማላችሁ። አፈሩ ምን በደለ? በቆሎን የሚያዳቅለው ነፋስ ነው። አንዷ የጢም ክር የአንዲት ፍሬ መንገድ ናት፤ ከአገዳው ጫፍ የሚረግፈው ዱቄት ካልደረሰባት ቦታዋ ባዶ ይቀራል። በአንድ መስመር ሲቆም ደግሞ ነፋሱ ዱቄቱን ወደ ውጭ ይወስደዋል። ስለዚህ ሦስት በሦስት ሜትር ላይ በአራት መስመር ዝሩ፤ በመስመሮቹ መካከል 75፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በየጉድጓዱ ሁለት ፍሬ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። አራት ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን ንቀሉ፤ ከራራችሁለት ሁለቱም ይኮስሳሉ። ጉልበት ሲደርስ ኮትኩታችሁ ሥሩን አፈር አልብሱት፣ አለዚያ ነፋስ ያጋድመዋል። መሬቱ መረሬ፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ ቦይ ቅደዱ፤ ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ውሃ ተኝቶበት ሥሩ አየር ሲያጣ ነው። በሚያዝያ ዝናብ ያልዘራ ሰኔ ላይ አይድከም፣ የኅዳር ውርጭ ይቀድመዋል። የቀበናንና የግንፍሌን ውሃም አታጠጡት፣ ፍሳሽ ነው።

ዋናው ጥፋታችሁ ግን ዘሩ ላይ ነው። ድቅል ዘር ገዝታችሁ መታሰቢያ ትሉታላችሁ፤ ድቅል ግን በዓመቱ ቢዘራ እናቱን አይመስልም። የአገሩን ዘር ፈልጉ። (በቆሎም ራሱ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፣ የቀድሞ ሰዎች የባሕር ማሽላ ይሉት ነበር። ቢሆንም ከገበሬ እጅ ወደ ገበሬ እጅ እየተመረጠ ደጋውን ለምዷል።) በአንድ ግቢ ከሚበቅለው አርባ አገዳ ብቻ በየዓመቱ ዘር የሚይዝ ሰው ዘሩን ያደክመዋል፤ ሦስት አራት ግቢ ሆናችሁ ያንኑ ዘሩና ቀላቅሉ። ጎረቤት ድቅል ከዘራ ነፋሱ ያደባልቀዋልና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በጠንካሮቹ አገዳዎች ላይ ክር እሰሩ፣ ልጆች እሸቱን ጠብሰው እንዳይጨርሱት። ሽፋኑ ሲደርቅ ቆረቆንዳውን ከነፍሬው ማድ ቤት ጭስ ላይ ስቀሉት፣ ነቀዝ ጭስ አይወድም። ፍሬው ሲነከስ ቀጭ ካላለ ገና አልደረቀም፣ አታውርዱት። ሲደርቅ ከመሐሉ ያለውን ፍሬ ብቻ ለዘር ያዙ።