«የታመመ ፈረስ አላየንም» የሚል መግለጫ ፈረስ አያድንም

«በግቢያችን የበሽታ ምልክት ያሳየ አንድም ፈረስ የለም፤ ተሳታፊዎቹ ፈረሶች በሙሉ ተከትበዋል፤ ስጋት ያደረበት ባለንብረት ፈረሱን ከውድድሩ የማስወጣት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ውድድሩ ግን በተያዘለት ቀን ይካሄዳል።» የአንድ ትልቅ የፈረስ ውድድር አዘጋጆች ሰሞኑን ያወጡት መግለጫ ፍሬ ነገር ይህ ነው። መግለጫው የወጣው ከውድድሩ ስፍራ ብዙም በማይርቅ ጋጣ ውስጥ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚተላለፈውና ነርቭንም ሊያጠቃ የሚችለው የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ዓይነት አንድ መኖሩ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ፣ አንድ ፈረስም ከወደቀበት መነሣት አቅቶት በሐኪም ውሳኔ እንዲሞት ከተደረገ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ክትባት ይናገራል፣ ስለ መብት ይናገራል፣ ስለ መርሐ ግብር ይናገራል። ስለ ፈረሶቹ የሰውነት ሙቀት ግን አንዲት ቃል የለችበትም። ይህን በሽታ በቅርብ የሚያውቅ ሰው መግለጫውን ሲያነብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያችኑ የጎደለችውን ቃል ነው፤ እኔንም ብዕር ያስነሣችኝ እርሷ ናት።

ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ ደካማው «ተከትበዋል» የሚለው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በገበያ ላይ ካሉት የዚህ ቫይረስ ክትባቶች መካከል በሽታው ነርቭን የሚያጠቃበትን መልክ ይከላከላል ተብሎ በአምራቹ የተመሰከረለት አንድም የለም። ክትባቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የመተንፈሻ አካል ሕመሙን ያቀልላል፣ የባዝራዎች ጽንስ እንዳይጨነግፍ ያግዛል፣ በቫይረሱ የተያዘው ፈረስ በአፍንጫው የሚያወጣውን የቫይረስ መጠንም ይቀንሳል። ነገር ግን የፈረስን የኋላ እግር የሚያልፈሰፍሰውን ሕመም ይመልሳል ብሎ ማቅረብ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ያልደፈሩትን ቃል በእነርሱ ስም መግባት ነው። አብዛኞቹ ፈረሶች ደግሞ ቫይረሱን የሚወስዱት ገና በውርንጭላነታቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የነርቭ ሕዋሳት በሚሰባሰቡባቸው ስፍራዎችና በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። ረጅም ጉዞ፣ እንግዳ ጋጥ፣ የማያውቁት ጎረቤትና የውድድር ድካም ሲደራረቡባቸው ካደፈጠበት ሊቀሰቀስ ይችላል። የመግለጫው ጸሐፊዎች ፈረሶቹን በክትባት ጠብቀናል ሲሉ፣ ቫይረሱን የሚቀሰቅሱትን ነገሮች ሁሉ በአንድ ግቢ ለመሰብሰብ ቀን እየቆረጡ ነው።

«የበሽታ ምልክት ያሳየ ፈረስ የለም» ወደሚለው ልምጣ። ምልክት ሲሉ የሚጠብቁት ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ጅራቱ የተንጠለጠለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ፈረስ ከሆነ፣ በሽታውን የሚጠብቁት መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። ቫይረሱ ያገኘው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ዘግይቶ፣ ትኩሳት ይጀምረዋል። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ በብዙዎቹ ፈረሶች ላይም ከእርሱ ሌላ ምልክት አይታይም። ወጥቶ ይበርዳል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዳግመኛ ሊመለስ ይችላል። የነርቭ ጉዳቱ የሚመጣው ከመጀመሪያው ትኩሳት ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲሆን፣ ሲመጣ ግን ደራሽ ነው። በእነዚያ መካከለኛ ቀናት ፈረሱ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጆሮውን አቁሞ ሰው ይቀበላል፤ ባስነጠሰና በአፍንጫው አጥር በተሻሸ ቁጥር ግን ቫይረሱን ለጎረቤቱ ያካፍላል።

ይህን የማውቀው ከንባብ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ጋጣ ውስጥ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። አዲስ ፈረስ ገብቶ ስለነበር የእንስሳት ሐኪሙ የሁሉንም ሙቀት ጠዋትና ማታ እንድንለካ አዞን ነበር። ባዝራዋ ድርቆሿን እያላመጠች ሳለ የለካንበት ቴርሞሜትር 39.4 ዲግሪ ሴልሺየስ አለ፤ ትኩሳት ነው። ባልደራሱ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ በሌላ ለካት፤ 39.3 ሆነ። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ንጹሕ፣ ባልዲዋም ባዶ ነበር፤ ውሃዋን አጥርታ ጠጥታዋለች። ባለቤቷ መጥቶ አያትና «ምኗ ነው የታመመው?» አለን፤ በማግስቱም በመኪና ጭኖ ለልምምድ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ሙቀቷ ስለወረደ እርሱ ልክ፣ እኛ ፈሪዎች ሆንን። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከጋጧ ሳወጣት የኋላ እግሮቿ እርስ በርሳቸው ተጠላለፉ። ጅራቷን ወደ ላይ ሳነሣው እንደ ወትሮው አጥብቃ አልያዘችውም፤ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠለጠለ። ማታውን እንደ ውሻ በመቀመጫዋ ቁጭ አለች፣ ከዚያም በጎኗ ተኛች፤ አልተነሣችም። ዛሬ ያንኑ «ምኗ ነው የታመመው?» የሚል ጥያቄ ማኅተም ተመትቶበት፣ መግለጫ ተብሎ ሳነበው በእርጋታ ልመልስለት አልችልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፈረስ ግልቢያ ማዕከል የተነሣው ወረርሽኝ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በአንድ ቅጥር ውስጥ ከነበሩት 135 ፈረሶች መካከል 117ቱ በቫይረሱ የመያዝ ምልክት አሳይተዋል፤ 46ቱ ነርቫቸው ተጎድቷል፤ 12ቱ ሞተዋል ወይም ከሥቃያቸው እንዲያርፉ ተደርጓል። እንግዲህ ሲንገዳገዱ የታዩትን ብቻ የሚቆጥር ሰው 46 ብሎ ያቆማል፤ የቀሩት ከ70 በላይ ፈረሶች በእርሱ መዝገብ ጤነኞች ናቸው፣ በመኪና ይጫናሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ወደየመጡበት ይበተናሉ። አዘጋጆቹ «አንድም ፈረስ የለም» ሲሉ የሚጠቀሙበት ቆጠራ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የሙቀት መዝገቡ የት አለ? የጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ ሙቀት በዕረፍት ላይ ሳለ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታም ከዕረፍት በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተለክቶ በየጋጡ በር ላይ በተሰቀለ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ከየትኛውም መግለጫ የበለጠ ይናገራል። 38.5 ያለፈ ፈረስ ወዲያው ተለይቶ ሐኪም ይጠራለታል፤ ከአፍንጫው ናሙና፣ ከደም ሥሩም ደም ተወስዶ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ይታያል። አንድ ጊዜ ነጻ ነው የተባለ ውጤትም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ናሙናው ቫይረሱ በብዛት በማይወጣበት ዕለት ተወስዶ ሊሆን ይችላልና። በውድድር ስፍራዎች የማይነገር አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። ለእግር ሕመም ተብሎ የሚሰጠው ፌኒልቡታዞን ትኩሳትንም ያበርዳል። መድኃኒቱን የወሰደ ፈረስ ቴርሞሜትሩን ያታልላል፤ ስለዚህ መዝገቡ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ፈረሱ ምን እንደወሰደም መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቴርሞሜትር፣ እስክሪብቶና ማልዶ የሚነሣ ሰው ይበቃሉ። ይህን ያላደረገ አዘጋጅ «አላየንም» የሚለው አይቶ ሳይሆን ሳይመለከት ነው።

ፈረሶቹን ማራራቅ በቂ ነው የሚሉም አሉ። ፈረሶች ተራርቀው የሰዎች እጅ ካልተራራቀ ምን ዋጋ አለው? ማንኛውም ጋጣ ውስጥ ጠዋት ባልዲዎች ሲሞሉ ቆማችሁ ተመልከቱ። ባልደራሱ የውሃውን ጎማ ጫፍ የመጀመሪያው ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል፣ ሲሞላ አውጥቶ ሁለተኛው ውስጥ ይነክረዋል፤ እንዲህ እያለ ሃያ ፈረሶችን በአንድ ጎማ አፍንጫ ለአፍንጫ ያገናኛቸዋል። በዚያው ፎጣ የሁለቱን አፍንጫ ይጠርጋል፣ የአንዱን ልጓም ለሌላው ያውሳል፣ የአንዱን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያየበትን እጅ ሳይታጠብ ሌላውን ይደባብሳል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ሁልጊዜም እንዲህ ሲሠራ የኖረ በመሆኑ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የጎማው ጫፍ ከባልዲው በላይ መያዝ አለበት፤ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ልባብና የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ትኩሳት ያለበትን የሚንከባከብ ሰው ወደ ጤነኞቹ አይሂድ፣ ግድ ከሆነም ጤነኞቹን አስቀድሞ፣ የታመመውን በመጨረሻ ያስተናግድ። ቫይረሱ በተለመዱ የጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ይሞታል፤ ነገር ግን ፋንድያና አፈር በተለጠፈበት እንጨት ላይ የሚረጭ መድኃኒት ከንቱ ስለሆነ አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ አለበት።

የሰው እጅና ልብስ ምን እንደሚያደርስ አውስትራሊያ በ2007 እ.ኤ.አ. በከባድ ዋጋ ተምራለች። የዚያኛው ቫይረስ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ከውጭ የገቡ ፈረሶች በሲድኒ አቅራቢያ በሚገኘው በኢስተርን ክሪክ የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ተዘግቶባቸው ሳለ ቫይረሱ ከቅጥሩ ወጥቶ በሺዎች በሚቆጠሩ ይዞታዎች ውስጥ ተሰራጨ። በቀድሞው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ በኢያን ካሊናን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን፣ ቫይረሱ የወጣው በበቂ ሁኔታ ሳይጸዳ ከጣቢያው በወጣ ሰው ወይም በያዘው ዕቃ ሳይሆን እንዳልቀረ ደምድሟል። በመንግሥት ጣቢያ፣ በአጥርና በዘበኛ መካከል እንዲህ ከሆነ፣ በሕዝብ በተጨናነቀ የውድድር ሜዳ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አሁን «መብቱ የተጠበቀ ነው» ወደተባለው። ተላላፊ በሽታ የአንድ ባለንብረት የግል ጉዳይ የሆነ ይመስል፣ የፈራ ይቅር፣ የደፈረ ይምጣ፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ተብሎ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደይ ወቅት በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ከተካሄደ አንድ ውድድር የተነሣው ወረርሽኝ በ10 የአሜሪካ ግዛቶች በ90 ፈረሶች ላይ ተረጋግጧል፤ 13ቱ ሞተዋል ወይም እንዲሞቱ ተደርጓል። ከተያዙት መካከል ኦግደንን ጨርሶ ያልረገጡ ነበሩባቸው። ከውድድሩ የተመለሰ ፈረስ ጎን መቆማቸው ብቻ በቂ ሆኗል። የእነዚያ ፈረሶች ባለቤቶች የትኛውን መብት ነበር የሚጠቀሙት? በስፔን ቫሌንሲያም በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በሽታው ከመታወቁ በፊት ግቢውን ለቀው የወጡ ፈረሶች ወደ ተለያዩ አገሮች ተበትነው ነበር፤ በአውሮፓ 18 ፈረሶች ሞቱ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ያኔ በ10 የአውሮፓ አገሮች ውድድሮችን ሲሰርዝ፣ በስዊድን ዮቴቦሪ (ጎተንበርግ) ከተማ ሊካሄድ የነበረውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ከመሰረዝ አልተመለሰም። ያን ያህል ክብር ያለው ውድድር ለፈረሶች ደኅንነት ሲባል ከቀረ፣ የእኛ አዘጋጆች መርሐ ግብር በምን ተቀድሶ ነው የማይነካው?

መሰረዝ ገንዘብ እንደሚያሳጣ አልክድም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም በቀን ሥራ የሚያድረው ባልደራስ ነው፤ የእርሱን ክፍያ ማሟላት የአዘጋጆቹ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ይህን ኪሳራ የሚያነሡት ሰዎች ውድድሩ ተካሂዶ፣ አንድ ፈረስ በሦስተኛው ቀን ሲያተኩሰው፣ ግቢው በሙሉ ተዘግቶ በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሶች ለሳምንታት እዚያው ሲቀሩ የሚመጣውን ወጪ ከሒሳባቸው አውጥተውታል። በለይቶ ማቆያ የመጨረሻው ትኩሳት ከታየ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን፣ በብዙ ቦታ 28 ቀን ይጠበቃል፤ በመካከሉ አንድ ፈረስ ቢያተኩሰው ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

አዘጋጆቹ መግለጫውን ስበው ውድድሩን ያራዝሙት። ቫይረሱ በተገኘበት ጋጣና ከእርሱ ጋር ፈረስ በተለዋወጡ ጋጣዎች ውስጥ ያሉ ፈረሶች ካሉበት አይንቀሳቀሱ። ለተሳትፎ የተመዘገቡት ፈረሶች በሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ተለክተው መዝገባቸው ለሁሉም ባለንብረት ክፍት ይሁን። ይህ እስኪሆን ድረስ ነገ ጠዋት ፈረሱን ለመጫን የተዘጋጀ ሰው ካለ፣ የመኪናውን መወጣጫ ከማውረዱ በፊት ቴርሞሜትሩን ያውጣ፤ ቁጥሩ ከ38.5 በላይ ከሆነ ልባቡን ፈትቶ ፈረሱን ወደ ጋጡ ይመልሰው፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያም ሐኪም ይጥራ።