«ማን ያውቅሃል?»

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሲመሽ ለጸሎት ቤታችን ሰው ይመጣ ነበር። አንድ በአንድ፣ ተራርቀው ነው የሚገቡት። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አይተዉም፤ ይዘውት ገብተው አልጋ ሥር ይደረድሩታል፤ የቀበሌ ሰው በዚያ ቢያልፍ እንዳይቆጥረው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ሥራዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን ማየት ነበር።

አንድ ማታ አይተነው የማናውቅ ወጣት መጣ። ጌታ ለዚህ ኅብረት መልእክት ሰጥቶኛል አለ። ኅብረቱን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወንበር ሰጡትና ሻይ አስቀዱለት። ከዚያ በረጋ ድምፅ «ልጄ፣ ማን ያውቅሃል?» አሉት። ወጣቱ የአንዲት እህት ስም ጠራ። «እንግዲያው እሷ ይዛህ ትምጣ» ብለው ጸለዩለትና ሸኙት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእህታችን ጋር ተመለሰ። የተናገረውን ሌሎቹ በቃሉ መዘኑት፤ የተቀበሉት ነበረ፣ ያልተቀበሉትም ነበረ። ያ ወጣት ግን አልተቀየመም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ከዚያ ኅብረት አልጠፋም።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከአገር ከወጣሁ ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛል። ያቺን የጋሼን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድ መድረክ ላይ ስትነሣ አልሰማኋትም ነበር። ብዙ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች የእምነትን ዋጋ ያውቁት ነበር። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ መሪዎቿ ታስረው ዓመታት ቆዩ፤ ምእመናኑ ግን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰባቸውን አልተዉም። በሩ ሲከፈት ከተዘጋበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጫ መንገድ ቀርቦላቸው ነበር። መንጋዬን በመከራው ሰዓት ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአምልኮ ሲወጡ ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። ስንቱ ተራ ምእመን ደግሞ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር አላሰማም በማለቱ ብቻ ወህኒ ወርዷል።

ይህን ስጽፍ ከአገር የወጣን ሁሉ የከዳን ነን ለማለት አይደለም። እኔም ወጥቻለሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከኢየሩሳሌም የተበተኑትም የሄዱበት ሁሉ ወንጌልን ይዘው ነው የሄዱት። ልቤን የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። እዚያ መጽናትና መለየት፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መርምሮ ማወቅ ማለቴ ነው፣ አንድ ላይ ይኖሩ ነበር፤ እዚህ ሁለቱ ተለያዩብን።

እዚህ መጽናት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የአሜሪካውያንን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ሁለት ሰዓት ተኝታ፣ ልጆች ልታስተምር የምትመጣ እህት አለች። በአማርኛ ትጀምራለች፣ ልጆቹ ዝም ሲሏት በእንግሊዝኛ ትደግምላቸዋለች፤ የደከሙ ዓይኖቿን እያሸች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አይቻታለሁ። ማንም መድረክ ላይ ጠርቶ አመስግኗት አያውቅም። ወህኒ ያልወረደ እምነት አይጸናም የሚለኝ ሰው ካለ እሷን አሳየዋለሁ።

ነገር ግን እዚህ መሄድ ቀላል ነው። አገር ቤት በቤት ኅብረት ውስጥ ሆነህ ከወንድምህ ብትጣላ የምትሄድበት ሌላ ቤት አልነበረም፤ መታረቅ ነበረብህ። እዚህ ሽማግሌ ስለ ትዳርህ ቢመክርህ፣ ስለ አንደበትህ ቢገሥጽህ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነድተህ ሌላ አማርኛ የሚዘመርበት ቤት ትገባለህ፤ በደስታ ይቀበሉሃል፤ ለምን እንደመጣህ አይጠይቁህም። የከፋው ደግሞ ሲከፋፈሉ ነው። መተዳደሪያ ደንብና ቦርድ ያለው ሁሉ ጠበቃ ይይዛል፤ የባንክ ሒሳቡ የማን ነው እየተባለ ለዓመታት አብረው ያለቀሱ ሰዎች ዳኛ ፊት ይቆማሉ። እኔ አንዱን ክፍፍል ከውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። የማንም ስም አልጠራም፤ ቁስሉ ግን እስከ ዛሬ አልሻረም። በዚያ ጊዜ የተጎዱት ልጆቻችን ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ የትም አይሄዱም።

እንግዲህ ሰው እንዲህ በየጊዜው ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር የሚያውቀው ሰው ያጣል። አገልጋዩም እንዲሁ። የሚያውቀው ሰው በሌለበት ደግሞ መለየት አይቻልም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩ ሲል፣ ያዘዘው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። የተናገረውን ነገ የሚያገኙት፣ ሚስቱን የሚያውቁ፣ ዕዳውን የሚያውቁ። ትንቢትን አትናቁ ያለውም ቃል፣ ሁሉን ፈትኑ ያለውም ቃል ለአንድ ጉባኤ የተጻፈ ነው፤ ለተሰሎንቄ። እኛ ግማሹን ለመድረኩ ሰጠነው፣ ግማሹን ረሳነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ንጋት ላይ በስልክ መስመር ከሚጸልዩ ሰዎች ጋር እጸልይ ነበር። አንድ አገልጋይ ከአገር ቤት ገባ። የወንድሜን ስም ጠራ፤ ቪዛው ላይ ስለተቀመጠ ሸክም ተናገረ። ደነገጥኩ፤ ስሙን ማን ነገረው? ከዚያ በግል ደወለልኝና ሸክሙ እንዲነሣ ዘር ዝራ አለኝ። ሦስት መቶ ዶላር ላክሁ። ሁለተኛም ላክሁ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አልተቆጣችኝም። ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ ይህን ሰው ማን ያውቀዋል?» አለች። እኔ ያንን ጥያቄ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰማሁ ልጅ ነኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

ስሙን ማወቁ ነበር የያዘኝ። ዘዳግም ምዕራፍ 13 ግን ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚወስድህን አትስማ ይላል። ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የደረሰን ዲዳኬ የተባለው ጽሑፍም በመንፈስ ነኝ ብሎ ለራሱ ገንዘብ ስጡኝ የሚለውን አትስሙት፣ ለተቸገሩ ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት ብሎ በግልጽ ያስቀምጣል። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈበት ምክር በእጃችን ሳለ እኔ ሁለቴ ላክሁ።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እዚያም ነገሩ ያው ሆኖ ጠበቀኝ፤ የነቢያት ፎቶ ያለበት ትልልቅ ማስታወቂያ፣ ለመጸለይ ወረፋ የያዘ ሕዝብ፣ በጠርሙስ የሚሰጥ ዘይት። ከወረፋው ውስጥ ከውጭ የመጣን ብዙ ነበርን፤ በአነጋገራችን ያስታውቃል። ገንዘባችን ይህን ዛፍ ያጠጣዋል፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። አገር ቤት ያለው ወገን የሚሰማውን ሰው ቢያንስ በዓይኑ ያየዋል፤ እኛ በስልክ ሰምተን፣ ሳናየው እንልካለን።

በሌላ በኩል የምፈራው አለ። ከተታለልኩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንንም አላምንም ብዬ ነበር። ስብከት ስሰማ ስሕተት እፈልጋለሁ፤ ሰው ሲጸልይልኝ ልቤን እዘጋለሁ። በራእይ መጽሐፍ የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ሐሰተኞችን ሐዋርያት መርምራ በማጋለጧ፣ ደክማም ባለመታከቷ ትመሰገናለች፤ ወዲያው ደግሞ የቀደመ ፍቅሯን በመተዋ ትወቀሳለች። ያ ወቀሳ ለእኔ ነው። ጋሼ ያን ወጣት ማን ያውቅሃል ሲሉት በመጀመሪያ ወንበር ሰጥተውታል፤ ሻይ አስቀድተውለታል።

አሁን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ አገለግላለሁ። ባለፈው ወር አንድ እንግዳ አገልጋይ ሊመጣ ጠየቀ። የመጣባት ቤተ ክርስቲያን ደወልኩ፤ በዕድሜ የገፉ ሰው አነሡ። ስሙን ስነግራቸው ቆዩ። «ከሦስት ዓመት በፊት ከእኛ ወጥቷል» አሉኝ። ለምን ወጣ አልኳቸው። «እሱ በሌለበት ስለ ወንድሜ አልናገርም። እሱም እየሰማ ከሆነ ግን እነግርዎታለሁ።»

ለእንግዳው ደውዬ ያሉትን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «ቁጥራቸው አልተቀየረም?» አለኝ፤ «እሺ፣ አንድ ላይ ያገናኙን።»