ለ50 ሰው አንድ ድልድይ ምን አላት?

እንደራሴ ማለት የአሜሪካዋ አላስካ ተወካይ ዶን ያንግ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የ286 ቢሊዮን ዶላሩ የመንገድ ሕግ ሲረቀቅ፣ የምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ሕጉን ለአላስካ በሚሆን ብር እንደ ተርኪ ዶሮ ጠቀጠቅኩት ብለው በኩራት አወሩ። የሕጉ አጭር መጠሪያ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ሉ» ይላል። ሉ ማለት ባለቤታቸው ናቸው። እስቲ የትኛው ባል ነው ለሚስቱ በሌላ ሰው ብር እንዲህ ያለ ስጦታ የሰጠ? አበባ ይዞ የሚመጣው ይፈር!

ሕጉ ውስጥ ብር የተያዘለት ድልድይማ ልዩ ነው። አላስካ ውስጥ ኬቺካን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከፊት ለፊቷ ግራቪና የሚባል ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያና 50 የሚሆኑ ነዋሪዎች። ጀልባ በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል። ግን ጀልባ ሪባን ያስቆርጣል? አያስቆርጥም። ስለዚህ ከኒውዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ከፍ ለሚል ድልድይ 223 ሚሊዮን ዶላር ተያዘ። (አንኮሬጅ አጠገብ የታሰበው ሌላኛው ድልድይ «የዶን ያንግ መንገድ» እንዲባል ሕጉ ውስጥ ገባ። ትሕትና ነው መቼም።)

በዚያው ዓመት ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊንስን ከተማ አፈራረሰቻት። ቶም ኮበርን የሚባል የሰው ደስታ የማይወድ ሴናተር ተነስቶ፣ የግራቪናው ብር እዚያ ለተሰበረው ድልድይ ይሁን አለ። የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ግን ወንድ ናቸው፤ ይሄ ከሆነ ወንበሬን እለቃለሁ ብለው ፎከሩ። ሴኔቱም 82 ለ15 በሆነ ድምፅ የኮበርንን ሐሳብ ጣለው። ምን ይደረግ፣ እያንዳንዱ ሴናተር ወደ አገሩ የሚወስዳት የራሱ ድልድይ አለችው፤ የስቲቨንስን ዛሬ የነካ የራሱን ነገ ማን ይጠብቅለታል? እከክልኝ ልከክልህ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ጩኸቱ ሲበዛ ኮንግረሱ ድልድዩን ሰረዘና ብሩን እዚያው ለአላስካ ተወው። በ2007 የአላስካ ገዢ የነበሩት ሳራ ፔሊንም ድልድዩ ቀርቷል አሉ። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ግን አልቀረም! ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ፣ ድልድይ ሊቆምበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ያደርሳል። ካልተሠራ እኮ ብሩ ለፌዴራል መንግሥት ይመለሳል፤ እንዲህ ያለ ነውር ደግሞ ማን ይሸከማል? ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ ቢሮ ውስጥ የነበረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

በ2011 ኮንግረሱ በቃን፣ ለየሰፈራችን ብር መቁረጥ አቆምን ብሎ ፆም ገባ። አሥር ዓመት ቻለው። በ2021 ፆሙ ተፈታ፣ ስሙም «የማኅበረሰብ ፕሮጀክት» ሆነ። ያንግ ያኔም ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ መራጩ ከ1973 ጀምሮ በ2022 እስኪሞቱ ድረስ አንድም ጊዜ አላወረዳቸውም። መራጩስ ቢሆን ምን ጎደለበት? የሚከፍለው ሌላው 49 ክፍለ ግዛት ነበር።