ያቺን አንድ ሰዓት ማን ወሰዳት?

አባቴ ኮሮና ይዟቸው ሦስት ሳምንት ከአንድ ክፍል ሳይወጡ ሲቆዩ፣ አልጋቸው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆና አንድ ክብሪት ነበራቸው። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ሐኪማቸው «ተኝተው አይዋሉ፤ በየሰዓቱ እየተነሱ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ» ብለዋቸዋል። ከአልጋው እስከ በሩ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር ከግራው ብርጭቆ አንዲት የክብሪት እንጨት አንስተው ቀኙ ውስጥ ይጥሏታል። እኔ ከበሩ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንጨቷ ብርጭቆውን ስትነካ የምታሰማውን ድምፅ እቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ቀን አራት ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬ ስንት ደረሱ?»

«ዘጠኝ። ነገ አሥር ትሆናለች።»

አባቴ በዕድሜያቸው ሙሉ ስፖርት ሠርቻለሁ ብለው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። እኔም ብሆን እስከዚያ ድረስ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሲባል ልብስ የሚቀየርለት፣ በወር የሚከፈልበት፣ ተሂዶ የሚሠራ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ጂም ሲዘጋ «በቃ፣ እንቅስቃሴዬ ተቋረጠ» ብዬ አዝኜ ነበር። የተቋረጠው ግን ከዚያ በጣም የሚሰፋ ነገር እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ብሎ ያወጀው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎች በ187 አገሮች የሚገኙ የ455,404 ሰዎችን የእርምጃ ቁጥር፣ ስልካቸው ላይ ካለ መተግበሪያ ወስደው ተከታትለዋል። ከአዋጁ በኋላ ባሉት 10 ቀናት አማካይ እርምጃ በ5.5 በመቶ ቀነሰ። በ30 ቀናት ውስጥ ደግሞ ቅናሹ 27.3 በመቶ ደረሰ። እንቅስቃሴ በጥብቅ በተገደበባት ጣሊያን እስከ 48.7 በመቶ ወርዷል፤ ቤት የመቀመጥ ግዴታ ባልጣለችው ስዊድን ግን 6.9 በመቶ ብቻ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ሳይ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ጂም አይደለም። ከእነዚያ ሰዎች ምን ያህሉ ጂም ይሄድ ነበር? የጠፋው እንቅስቃሴ ብለን የማንቆጥረው እንቅስቃሴ ነው። ከትራንስፖርት ወርዶ እስከ ሥራ በር ያለችው መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው ደረጃ፣ ለምሳ መውጣት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት። ሰውነታችንን ሲያቆይልን የኖረው ይህ ነበር፤ እኛ ግን ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ሌላም ያስተማረን ነገር አለ፤ እንደ እኔ እምነት የዚያ ዘመን ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። መንግሥታት በጥድፊያ ተቀምጠው «ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለዚህ ለዚህ ብቻ ነው» የሚል ዝርዝር ሲያወጡ፣ ብዙዎቹ ከምግብና ከመድኃኒት ጎን እንቅስቃሴን ጻፉ። በብሪታኒያ በማርች 2020 በቀን አንድ ጊዜ ለእንቅስቃሴ መውጣት ተፈቀደ። በፈረንሳይ የፈቃድ ወረቀት ሞልቶ፣ ከቤት አንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቁ፣ ለአንድ ሰዓት። በስፔን ልጆች ስድስት ሳምንት ገደማ ደጅ ሳይወጡ ከቆዩ በኋላ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተላቸው፤ አዋቂዎችም በሜይ 2 በተመደበላቸው ሰዓት መራመድና መሮጥ ጀመሩ። ያቺ ሰዓት በሕግ የታወቀች ሰዓት ነበረች። ማንም «ሥራ ፈትተህ ነው የምትዞረው?» አይልም። አለቃም ቢሆን ከልካይ አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ወክ የሚባለውን ነገር የተማርኩት። አመሻሽ ላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ ምንም ሳልሰካ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ሰው ሲመጣ መልሼ እያደረግሁ። እንቅልፌ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ክብደት ማንሳትም ሞክሬአለሁ፤ ጀርባዬን አሞኝ ተውኩት። መንገዱን ግን አልተውኩትም።

በየቤቱ የተጀመረው ስፖርትም ቀላል አልነበረም። ጆ ዊክስ የተባለው የብሪታኒያ አሠልጣኝ ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች በዩቲዩብ ያሰራጨውን የማለዳ ስፖርት ማርች 24 ቀን 2020 በአንድ ጊዜ 955,185 ተመልካች ተከታትሎት በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። እንደ ጎልድስ ጂም ያሉ ስመ ጥር ድርጅቶች ከስረው ከአበዳሪዎቻቸው የሕግ ከለላ ሲጠይቁ፣ የቤት ውስጥ ብስክሌት የሚሸጠው ፔሎተን ትእዛዝ ማድረስ አቅቶት ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ግን ይኸው ፔሎተን 2,800 ሠራተኛ ቀነሰ። ዕቃ መግዛትና ልማድ ማበጀት ለየቅል ናቸው።

ራስን መንከባከብ የሚለው ቃልም ያን ጊዜ ነው በየሰው አፍ የገባው። ሰው ተጨንቆ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን ገልጿል። ነገር ግን ምክሩ ለሁሉም እኩል የሚሠራ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። በዚያ ሰሞን የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ጨርሳ ስትመጣ የማስኩ ጠርዝ ጉንጯ ላይ ጥልቅ መስመር አስምሮባት ነበር። ቤት ሳትገባ የሕንጻው ደረጃ ላይ ትቀመጥና ጫማዋን አውልቃ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና አሥር ደቂቃ ትቆያለች። ልጆቿ ሳያገኟት የምታገኛት ያቺን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ተነስታ ልብሷን ትቀይራለች፣ ትታጠባለች፣ ልጆቹን የቤት ሥራ ታሠራለች። ለእሷ «ራስሽን ተንከባከቢ» ማለት ምን ማለት ነው? ሰዓቷን የሚቀንስላት፣ ልጆቿን አንድ ምሽት የሚይዝላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

ለዚህ ነው «ሰው ሰነፈ» ሲባል የሚያንገበግበኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚለው በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ሰው፣ በቂ እንቅስቃሴ አያደርግም። በ2010 ቁጥሩ 26 በመቶ ነበር። ወረርሽኙ ያመጣው ብቻ አይደለም፤ አዝማሚያው የቆየ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከሴቶች 34 በመቶ፣ ከወንዶች 29 በመቶ ነው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ሰነፎች ሆነው ነው? ወይስ ከሥራ በኋላ ያለችው ሰዓት የእነሱ ስላልሆነች?

ጉዳዩ ደግሞ የውበት ጉዳይ አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ 48,440 የኮሮና ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ያለ እንቅስቃሴ የኖሩት፣ የሚመከረውን መጠን ዘወትር ያሟሉ ከነበሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንዳንዶች ይህን ጥናት ይዘው የሞተውን ሰው ሲወቅሱ ሰምቻለሁ፤ ይህ ነውር ነው። እኔ ከጥናቱ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፦ ለሰው የመራመጃ ጊዜ መንፈግ ጤናውን መንፈግ ነው።

የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኖቬምበር 2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። 150ው ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 21 ደቂቃ ገደማ ነው። በፊት «ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያልተቋረጠ መሆን አለበት» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ በአዲሱ ቀርቷል። አጭሯም ትቆጠራለች። የአባቴ የክብሪት እንጨቶችም ይቆጠራሉ ማለት ነው።

ታዲያ ያቺ ሰዓት የት ገባች? መንገድ ላይ ያለቀባቸው አሉ፤ ቢሮ ሲከፈት ጠዋትና ማታቸው ወደ ትራንስፖርት ተመለሰ። ከቤት መሥራት የቀጠልነው ደግሞ በስብሰባ አጣናት። ድሮ ከቢሮ መውጫ የነበረው ሰዓት ዛሬ «አንዴ እንገናኝ» የሚባልበት ሆኗል። ይህን የወሰኑት ሰዎች ናቸው፣ ሰዎች ሊለውጡት ይችላሉ። እኔ መሥሪያ ቤቴን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ሰነድ የማይታይባቸው ስብሰባዎች በስልክ ይሁኑ፣ የፈለገ እየተራመደ ይሳተፍ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ስብሰባ አይጠራ። በሳምንት ካሉት አምስት ስብሰባዎች ሁለቱ በስልክ ሆነዋል። የምሽቱ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፤ እኔም መጠየቄን አላቆምኩም። ለእህቴና ለመሰሎቿ ግን ስልክ አይበቃም። የፈረቃው ሰዓት ራሱ ማጠር አለበት።

አባቴ ዛሬም ማለዳ ማለዳ አርባ ደቂቃ ይሄዳሉ። ማታ ማታ ይደውሉልኛል።

«ዛሬ ወጣሽ?»

«አልወጣሁም፣ አባዬ።»

አይቆጡም። ሰነፍሽም አይሉኝም። «ማን ያዘሽ?» ነው የሚሉኝ፤ እስክመልስላቸው ድረስም ስልኩን አይዘጉም።