ለሠላሳ አንደኛዋ ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬ ፈረሰ። ተደፋ አላልኩም። ፈረሰ ነው ያልኩት። ያፈረሰው ወጣት ራሱ ያለው እንደዚያ ነው። «ባትልፊልድ ላይ ሕንፃ የሚፈርሰው እንዲህ ነው!» አለና በስኳር ዕቃው ገጨው። ስኳር ዕቃው ታንክ ነበር፤ ባትልፊልድ ደግሞ የጦርነት ጌም ነው።

ሰባት ወጣቶች ናቸው። ሲጀመር የመጡት ወንበር ሊጠይቁ ነው። «ወንበሩ ሰው አለው?» አንዱን ወሰዱ። ሁለተኛውን ወሰዱ። ቀጥለው ጠረጴዛቸውን ከኔ ጠረጴዛ ጋር ገጠሙት። ካርታው አልበቃቸውም ነበር። ባዶ ሲኒዎቻቸው እየተሳቡ ወደኔ ግዛት ገቡ። እኔ ሰው እየጠበቅኩ ስለነበር መነሳት አልቻልኩም። በመጨረሻ ብርጭቆዬን ሕንፃ አደረጉት። ይቅርታ አልጠየቁም አልልም። «ሶሪ ጋሼ» ብሎኛል ልጁ። (ከማኪያቶው ይልቅ «ጋሼ»ዋ ናት ያቃጠለችኝ። እሷን ለሌላ ቀን።)

መቼም እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር «ኮል ኦፍ ዲዩቲ ይሻላል ወይስ ባትልፊልድ?» የሚለው የሁለት ጦርነት ጌሞች ጥያቄ ከተነሳ የዚያ ቀን ጉዳይ አለቀ። ስለዚህ ዛሬ ልወቅሳቸው አልተነሳሁም። ወቀሳ የለመዱት ነገር ነው። ላመሰግናቸው ነው።

በመጀመሪያ ጽናታቸውን። በፈረንጆቹ 2002 ባትልፊልድ 1942 ወጣ። በዓመቱ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ተከተለ። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጺም አብቅሎ ይህንኑ ክርክር ከታላቅ ወንድሙ ተረክቧል። ሌላው ቤተሰብ ለልጁ ቤት ያወርሳል፤ እነዚህ ጠቡን አወረሱ። በያዝነው 2018 ዓ.ም. ደግሞ ባትልፊልድ 6 መስከረም 30፣ የኮል ኦፍ ዲዩቲው ብላክ ኦፕስ 7 ኅዳር 5 ወጡ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ለንጽጽር ባለሙያዎቻችን ይህ እንደ ሁለት የተደራረበ ዓውደ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያላቸው አይመስለኝም።

ለማያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ልንገር። ሁለቱም ጠመንጃ ይዘህ በራስህ ዓይን እያየህ የምትሮጥባቸው ጌሞች ናቸው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ቶሎ ቶሎ ያጋድልሃል። ባትልፊልድ ሰፊ ሜዳ ላይ ታንክና አውሮፕላን ጨምሮ 64 ሰው ያሰልፋል፤ በ2021 የወጣው 2042 የተባለው እንዲያውም እስከ 128 ሄዶ ነበር። አለቀ። ይህን ለመናገር አንድ ሲኒ ቡና ይበዛል። እነሱ ግን ከሁለት ሰዓት በታች አይነግሩህም፤ ምክንያቱም እውቀታቸው ጥልቅ ነው።

እውቀቱ ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ሰባቱንም ቀስ ብዬ አጠናኋቸው። ጌሞቹን በትክክል የተጫወተው አንድ ነው፤ እሱም ብዙ አያወራም። ሌላው የስልኩን ኮል ኦፍ ዲዩቲ፣ በ2019 የወጣውን የነፃውን፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ይጫወታል። ሦስተኛው ዩቲዩብ ያያል። የአራተኛው የአጎት ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ይጫወታል። አምስተኛው የ2007ቱን ኮል ኦፍ ዲዩቲ፣ ሞደርን ዋርፌር የሚባለውን፣ ሃይስኩል እያለ በሰው ላፕቶፕ ነክቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቆሻሻ ነው ባይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ምንም ነገር አልነካም፤ ፍርዱ ግን ይግባኝ የለውም። የቀሩት ሁለቱ ወደ ፈረሰው ብርጭቆ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አልፈርድባቸውም። አዲሶቹ 70 ዶላር ናቸው። በብር አታስሉት፣ ቅዳሜ ነው። ገዝተህም አልጨረስክም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ከ200 ጊጋ በላይ ቦታ የያዘበት ጊዜ ነበር። ይህን በስልክ ፓኬጅ የሚያወርድ ቢኖር ቤቱን ሸጦ ነው። ስለዚህ አርብ ማታ በቢሮ ዋይፋይ ለቀህ ትሄዳለህ። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ መብራት ሄዶ 94 ከመቶ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ፕሌይስቴሽን ቤት ብትሄድ ደግሞ ልጁ ሳይጠይቅህ ፊፋ ከፍቶ ነው የሚሰጥህ። ሁለት ጆይስቲክ፣ ሁለት ሰው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ጦርነት ለዚህ ቢዝነስ አይመችም።

ይህን ሁሉ አልፎ ኦንላይን የገባ ጀግና ቢኖር ሰርቨሩ፣ ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ባህር ማዶ ነው። አንተ ተኩሰህ ጥይቷ ቪዛ እስክታገኝ ሞተሃል። «ላግ ነው»፣ ማለትም ኔትወርኩ ዘግይቶ ነው፣ ትላለህ። እውነትህን ነው። ሳትችል ቀርተህ ቢሆንም «ላግ ነው» ነው የምትለው።

የሕንፃ መፍረሱን ነገርማ ተዉት። በ2008 ባድ ካምፓኒ በሚባለው ባትልፊልድ ግድግዳ መደርመስ ከጀመረ ወዲህ የዚያ ወገን ሰዎች አፋቸውን የሚሞላ ሌላ ነገር አላገኙም። ፒያሳ ዳር ቁጭ ብሎ ሕንፃ ሲፈርስ ለማየት 70 ዶላር የሚመኝ ሰው አደንቃለሁ። አንገቱን ትንሽ ቢያዞር ባለፉት ሁለት ዓመታት በነፃ ያየው ነበር። ግራፊክሱም አይታማም። አቧራው ማኪያቶ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ ያስደመመኝ ግን የሠላሳ አንደኛዋ ጥይት ጉባኤ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፈተ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው። ባትልፊልድ 3 ላይ ጥይቱ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ካዝና ከቀየርክ፣ ጠመንጃው ቀድሞ አንዲት ጥይት ጎርሷልና 31 ይሆንልሃል። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ላይ 30 ነው። ተለማምጠህም 30 ነው።

«ይቺ አንድ ጥይት ናት ልዩነቱ!» አለ የባትልፊልዱ።

«አንድ ጥይት ምን ትሠራለች?»

«ሰው ትገድላለቻ!»

«በአንድ ጥይት ማን ሞቶ ያውቃል?»

«ሄድሾት ከሆነስ? ጭንቅላቱን!»

«ከሩቅ ከሆነ ሄድሾትም አይጥልም።»

«ስናይፐር ከሆነስ?»

«ስናይፐር መቼ 30 ይይዝና!»

እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አሉ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስኳር ዕቃውን የያዘው ልጅ ግን ስልኩን አውጥቶ አሰላ። 3.3 ከመቶ ጭማሪ ነው አለ። ደሞዙ 3.3 ከመቶ ቢጨመርለት «ተሳለቁብኝ» ብሎ ሥራ የሚለቅ ሰው ነው። ለጥይት ሲሆን ግን 3.3 ከመቶ ድምፁን አሰማው፣ ጠረጴዛ አስመታው፣ ሁለተኛዋን ሲኒ ከኔ ብርጭቆ ስብርባሪ አጠገብ አስቆመው። ቀጥሎ የቪዲዮ ማስረጃ ተጠራ። ስልኩ መሐል ተቀመጠ። ሰባት ጭንቅላት ተደፋበት። ክቡ ዞረ። አሁንም ዞረ። አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳው፣ ኔትወርክ ከላይ የሚወርድ ይመስል። ሌላው «ዳታህ አልቆ ነው» አለው። ተሰደበ። ክቡ አሁንም ይዞራል። በዚህ መሐል የ2007ቱ ሰውዬ «ያኔ እኮ ጥይት አንቆጥርም ነበር» አለ፣ በትዝታ።

እኔም ሳልፈልግ ተሳብኩ። አንድ ነገር ከነከነኝ። 20 ጥይት የቀረበትን ካዝና አውጥተህ ስትጥል እነዚያ 20ዎቹ የት ይሄዳሉ? በሁለቱም ጌሞች ተመልሰው ኪስህ ይገባሉ። ማን ከመሬት እንደለቀማቸው፣ ማን ከካዝናው እንዳወጣቸው አይነገርም። ለአንዲቷ ጥይት አርባ ደቂቃ የተሟገተው ጉባኤ 20ዎቹን ሰምቶ «እሱ ኖርማል ነው» ብሎ አለፈኝ።

በመጨረሻ ዳኛ ተፈለገ። የካፌው ጥበቃ የድሮ ወታደር መሆናቸውን አንዱ ያውቅ ኖሯል። «ፋዘር፣ አንዴ ይምጡማ።» መጡ። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አንድ በአንድ አዳመጡ። 30ውን ሰሙ። ጉርሻዋን ሰሙ። የመኪና ጥሩምባ ሲጮህ እንኳ አልዞሩም።

«ጥይት እኛ ጊዜ ተቆጥሮ ነው የሚሰጥህ» አሉ። «ልምምድ ስትጨርስ ቀለሁ ተቆጥሮ ይመለሳል። አንድ ቀለህ ከጎደለህ ሣር ለሣር ስትፈልግ ይመሽብሃል።»

ጥቂት አሰቡና፦

«ይቺን ትርፏን ማን ፈርሞ ነው የሚያወጣት?»

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልሱን ይጠብቁ ነበር። መልስ ሲጠፋ ወደ በራቸው ሄዱ። ይሄኔ ነው አንዱ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ «ፊርማው ቢጨመርበት በጣም ሪያል ይሆን ነበር» ያለው። ጓደኛውም «አሁንም እኮ ባትልፊልድ እውነተኛ ጦርነት ነው የሚመስለው። ፊሊንጉ!» አለ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላስቀምጥ። ከምን ጋር አስተያይተህ ነው የመሰለህ? ለማነጻጸር ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱን በዩቲዩብ አየኸው። ሌላውን የት አየኸው? እዚህ አገር ጦርነት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ካፌ ቁጭ ብሎ አያወራውም። እኛ ሰፈር ሱቅ በር ላይ ጉሊት የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ። ሰሜን የሄደ ልጃቸው አልተመለሰም፤ ሞተም አልተባሉም። ቆመ ከተባለ ስንት ዓመቱ ነው? የማያውቁት ቁጥር ሲደውል እስከ ዛሬ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። እስቲ ሂድና ለሳቸው ስለ ፊሊንጉ አስረዳቸው። ጌሙ ላይ የቆሰለ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ጥቂት ሰከንድ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ላይ የተረጨው ደም ይጠራለታል፣ ተነስቶ ይሮጣል። ጨዋታ ነው፤ ደስ ይላል፤ እኔም ተጫውቼዋለሁ። ተጫወቱት። «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተዉልኝ።

እሺ። ምስጋና ላይ ነበርን።

ታማኝነታቸውን ሳላነሳ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ እንኳ ጨዋታ ሲያልቅ አንድ ታክሲ ይሳፈራል። እነዚህ ግን አንዱ ወገን ሌላውን በሰው ቁጥር አያስገባም። እኔም ሞኝ ነኝ፣ የማውቃትን አንዲት ነገር ጣል አደረግሁ። ኮል ኦፍ ዲዩቲን የፈጠሩት ሰዎች እኮ ከዚያ በፊት ሜዳል ኦፍ ኦነር የሚባል የጦርነት ጌም ሲሠሩ ነበር፤ አሳታሚው ደግሞ ዛሬ ባትልፊልድን የሚያሳትመው ኢኤ ነው። በ2010 ከኮል ኦፍ ዲዩቲው ቤት ሁለቱ አለቆች ተባረሩ። የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ያንን ቤት ኢኤ በ2017 ገዛው። ከሁለቱ አንዱ በ2021 የባትልፊልድ የበላይ ኃላፊ ሆነ። ማለትም እናንተ እዚህ ብርጭቆ ስትሰብሩ እነሱ እዚያ መሥሪያ ቤት ሲቀያየሩ ነበር።

ዝም ተባለ። ሁለቱ ወገኖች ተያዩ።

«ለዛ ነዋ ባትልፊልድ የተበላሸው!» አለ አንዱ።

«ለዛ ነዋ የተስተካከለው!» አለ ሌላው።

አመሰገኑኝ። አዲስ ርዕስ ስለሰጠኋቸው። የስኳር ዕቃው እንደገና ተነሳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንደኛው ስልክ ተደወለለት። ሁለተኛው ሸኘዋለሁ አለ። ሦስተኛው መጣሁ ብሎ ወጣ። ጦር ሲያፈገፍግ እንዲህ ባለ ሥርዓት ሲያፈገፍግ አይቼ አላውቅም። የጠበቅሁት ሰውም አልመጣም። አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛውን አየች። ሲኒዎቹ ሁሉ በኔ በኩል ተሰልፈዋል። በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«የኔ አይደሉም» አልኳት። «ታንኮች ናቸው።»

አላለፈችኝም። አራት ታንክ፣ አንድ ማኪያቶ። ሕንፃው ብርጭቆ ስለነበር ለብቻው ተሰላ።