ይድረስ ለክቡር ቦክስ 5

ኮሌጅ ለታክስ ብሎ በሚልካት፣ 1098-ቲ በምትባለው ወረቀት ላይ የቦክስ 4 ጎረቤት ለሆኑት፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። የ2,500 ዶላር ናፍቆት ማለቴ ነው።

ልጄ ስኮላርሺፕ አገኘች ሲባል ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። እናቷ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻው ምንጣፉ ላይ ተበተነ፣ አዲስ አበባ ድረስ ደወልን። እርስዎ ደግሞ በዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ በፖስታ ከች አሉ።

ቦክስ 1 ኮሌጁ የተቀበለው የትምህርት ክፍያ 11,000 ዶላር ነው ይላል። እርስዎ ላይ ደግሞ ስኮላርሺፑና እርዳታው ተደምሮ 12,500። ታክስ የሚሠራልን ልጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ በነጻ እየተማረች ምን ክሬዲት፣ ምን የታክስ ቅናሽ አለ?» አለኝ። በነጻ! ዶርምና ምግብ ለካ የትምህርት ወጪ አይባልም። መኪና ውስጥ እያደረች ጾሟን ብትማር ኖሮ ነው እንግዲህ የሚያምርባት። ይባስ ብሎ ትርፏ 1,500 ዶላር የልጅቷ ገቢ ናት ተባለ።

ውጬው ዝም አልኩ። ዘንድሮ ግን አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ጉድዎን አወጣው። እርስዎ ሆድ ውስጥ ካለው ገንዘብ 6,000ው ፔል ግራንት፣ ማለትም መንግሥት አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ነው፤ ቀሪው ለትምህርት ክፍያ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ አይነካም። ፔል ግን ለኑሮም ይውላል። ስለዚህ ከ1,500ው ሌላ 4,000 ዶላር ለዶርምና ለምግብ ዋለ ብላ ልጅቷ ገቢዋ ላይ ከደመረችው፣ ከትምህርት ክፍያው 4,000ው እኛ እንደከፈልነው ይቆጠራል። አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የሚባለው ክሬዲት ደግሞ ከመጀመሪያው 2,000 ሙሉውን፣ ከቀጣዩ 2,000 ሩቡን ይሰጣል። ደምሩት። ልጅቷ እንደሆነ ከቅዳሜ ሥራዋ የምታገኘው ትንሽ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ለፌዴራል የምትከፍለው የለም።

ሁሉም በሕጉ የተፈቀደ ነው። እርስዎ ግን አንድ ቁጥር ተሸክመው ጭጭ! የቱ ፔል፣ የቱ ሌላ እንደሆነ እንኳ አይተነፍሱም።

ለማንኛውም የአምናውን ለማስተካከል 3 ዓመት ይሰጣል አሉ። 1040-ኤክስ የሚባል፣ የታክስ ማስተካከያ ቅጽ የሆነ ዘመድዎን ለቅዳሜ ጠርቼዋለሁ። እርስዎም ብቅ ይበሉ፣ ቡና አለ። ፈንዲሻው ቼኩ ሲመጣ።

አክባሪዎ፣
የዶርም ከፋዩ አባት