ማህተም ተመቶበት ያልተነበበ ደብዳቤ

የባሕር ዳር ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ። አንድ ልጃችንን ሌባ ብለን ከመካከላችን አስወጥተነዋል። ሌባ አልነበረም። እውነቱ ከታወቀ በኋላም ከእኛ አንድ ሰው ወጥቶ «በድለንሃል» አላለውም። ይህን መተው አልቻልኩም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በቴሌግራም የዞረውን ፎቶ ብቻ ነውና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልጁ በከተማችን የአንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ውጤቱን ለማየት የኮሌጁን ሲስተም ሲከፍት በአድራሻው ጫፍ ላይ 4127 የሚል ቁጥር አየ፤ የራሱ መዝገብ ቁጥር ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን አስፈቅዶ 7ን ወደ 8 ቀየራት። የጓደኛው ውጤት፣ ስልኩ፣ የእናቱ ስም፣ የከፈለበት ደረሰኝ ሁሉ ተዘረገፈ። ሲስተሙ «በይለፍ ቃልህ ገብተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ይህ መዝገብ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ሙያው ያለው ሰው ይህን ቀዳዳ ያውቀዋል። የሚዘጋው፣ መዝገቡ ከዳታቤዝ በሚጠራበት ቦታ ሁሉ የመዝገቡን ባለቤት ከገባው ሰው ጋር የምታመሳክር አንዲት ቅድመ ሁኔታ በመጨመር ነው። ቁጥሩን ረጅምና የማይገመት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ አድራሻው በአንድ ስክሪንሾት ይወጣል።

ልጁ እዚያው አቆመ። ሦስተኛ መዝገብ አልከፈተም፣ ምንም አላወረደም፣ ለማንም አላወራም። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን እንደነካና ምን እንደታየው፣ እንዴት እንደሚዘጋም በሁለት ገጽ ጽፎ በኢሜይል ላከ። መልስ ሲያጣ አትሞ መዝገብ ቤት ይዞት ሄደ። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጠው፣ ማህተም መታበት፣ ፋይል ውስጥ አስገባው። ማንም አላነበበውም።

ከአንድ ወር በኋላ የአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ተለውጦ ተገኘ። ያን ጊዜ ደብዳቤው ትዝ አላቸው። «መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ያደረገውም እሱ ነው» ተባለ። እጁን ይዘው ከግቢው ሲያወጡት በሩ ላይ የተሰበሰብነው እኛ ነን። ስልካችንን አውጥተን የቀረጽነው፣ «ሃከሩ ተያዘ» ብለን ያሰራጨነው እኛ ነን። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትሮጥ መንገድ ያልለቀቅንላትም እኛው ነን።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ሙያ ለሚያውቅ ሰው ያንገበግባል። ላፕቶፑን የኮሌጁ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው አብርቶ ሁለት ቀን ሲጎረጉረው ዋለ። በማስረጃነት የተያዘ ኮምፒውተር ሳይበራ ከተገኘ አይበራም። ገና ሲበራ የብዙ ፋይል ሰዓት ይለወጣል፣ የቆየውም በአዲስ ይሸፈናል። ዲስኩ ወጥቶ መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ በኩል ሙሉ ቅጂ ይነሣል፣ የዋናውና የቅጂው ሃሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ቁጥር) መመሳሰሉ ተረጋግጦ ይመዘገባል፣ ከዚያ የሚመረመረው ቅጂው ነው። ይህ አልተደረገም። ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበው የሰርቨሩ ሎግ ደግሞ የ7 ቀን ብቻ እንዲይዝ የተተወ ስለነበር ሲፈለግ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል። ንጹሕ መሆኑን ሊመሰክሩለት የሚችሉ ሁለት ምስክሮች ነበሩት፤ አንዱ ተበላሸ፣ ሌላው ጠፋ።

ሦስተኛው ግን ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ መጨረሻ የለወጠው ተጠቃሚና ሰዓቱ ተጽፏል። ልጁ 11 ቀን ታስሮ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ሰው ከፍቶ አየው። የለወጠው የሬጅስትራር ሠራተኛ አካውንት ነው፣ በሥራ ሰዓት፣ ከቢሮው ኮምፒውተር። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ አራት ሰው ይጠቀምበት ነበር። በዚህ ውስጥ ጥበብ የሚባል ነገር የለም። ወረቀት ማንበብ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ እኮ ሃከር የምንለውን አናውቅም። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣውን ኮድ ይንገሩኝ» ብሎ የባልቴቷን የቴሌብር ገንዘብ የሚወስደው አንደበቱን እንጂ ኮምፒውተር አልተማረም። እሱንም ሃከር እንላለን። የፍቅረኛውን ስልክ ለመሰለል ገንዘብ የሚከፍል ሰው በመካከላችን ሞልቷል፣ ከፋዩን ግን አንነቅፍም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ሲሳሳት የራሱ ያልሆነውን ብር ለማውጣት በሌሊት ኤቲኤም ፊት የተሰለፈው ሃከር ነበር? ተራ ሰው ነበር። እኛን የሚመስል።

ሰው ሊፈረድበት የሚገባው በሚያውቀው ነገር ሳይሆን ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ ባደረገው ነው። ገንዘብ የወሰደ ይቀጣ፤ ደጋግሞ የድሃ ቤት ያራቆተ ይታሰር፣ ለዚህ አልከራከርም። ግን የ18 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈቃድ ገብቶ ከተገኘ፣ የወሰደውን ይመልስ፤ የበደለውን ሰው ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቅ፤ በአሠሪ ዓይን ሥር፣ በሚመዘገብ ሰዓት፣ የገባበትን ቀዳዳ ራሱ ይድፈን። ኮምፒውተር እንዳይነካ መከልከል ወደባሰው ሰው መግፋት ነው። ችሎታውን ገዝቶ የሚጠብቀው ሌባ ሩቅ አይደለም። በእኛ ልጅም የሆነው ይኸው ነው፤ በተፈታ በሳምንቱ «ስልክ ትከፍታለህ አሉ፣ እንከፍልሃለን» የሚሉ ሰዎች ቤቱ መጡ። ከእኛ በፊት ደረሱ። ልጁ እንቢ ብሎ መለሳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በኢንተርኔት የተገናኙ ብዙ ኮምፒውተሮችን ያንገዳገደችውን ዎርም (ራሷን እያባዛች የምትዛመት ፕሮግራም) የለቀቀው አሜሪካዊ ተማሪ ሮበርት ሞሪስ ጥፋተኛ ተብሎ የ3 ዓመት የአመክሮ ክትትል፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የገንዘብ መቀጮ ተፈረደበት፤ ኋላ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ሆላንድ ደግሞ በመንግሥት ሲስተም ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ በአግባቡ ላሳወቀ ካናቴራ ትሸልማለች።

የእኛ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ሲስተሙ ለድርጅት አገልግሎት ብቻ የተመደበ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ከመቀጮ ጋር ነው። ሁሉም የሚዞረው «ያለ ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። እንግዲያውስ የኮሌጅ፣ የሆስፒታል፣ የማይክሮፋይናንስ ኃላፊዎች፣ ፈቃዱን መስጠት በእጃችሁ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ሲስተም እንደሚፈተሽ፣ የሰው መረጃ ማውረድና ሲስተሙን ከሥራ ማስቆም የተከለከለ መሆኑን፣ በመጀመሪያው ማስረጃ ላይ ማቆም እንደሚገባ፣ ለማን እንደሚጻፍ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ጻፉና በድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት። በዓለም በብዛት የተለመደው ቀዳዳውን የመድፈኛ ጊዜ 90 ቀን ነው። የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነብ አንድ ሰው ግን በስም መመደብ አለበት፤ አለዚያ ገጹ እንደዚያ ማህተም ነው።

እኔም ከዝምተኞቹ አንዱ ነኝ። ሙያው እያለኝ፣ ላፕቶፑ እንደዚያ ሲጎረጎር «ይህ አይደረግም» ማለት እየቻልኩ አላልኩም። የእናንተን ጥፋት ስቆጥር የራሴን አልዘለልኩም።

አሁን እንቦጭ ለመንቀል በዘመቻ ወደ ጣና የወጣን ሰዎች ለአንድ ልጅ ስም በዘመቻ እንነሣለን ብዬ ማመን ያቅተኛል። ይህን ያህል አልጠይቅም። ያቺን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥታችሁ አንብቧት። ሁለት ገጽ ናት። ግርጌዋ ላይ «ካስፈለገ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ ስልኩን ጽፏል። ቁጥሩ አሁን አይሠራም። እናቱ ግን እዚያው ሽምብጥ ሰፈር ናት፤ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ነች፣ በሯን የሚያንኳኳ ቢገኝ።